ቅርብ ሆኖ የራቀ መንገድ

የዛሬው ንግግራችን ስለ መንገድ ርቀት ነው። ለመሆኑ ርቀት የሚለካው በኪሎ ሜትር ብቻ ነው ወይ? ይህን ጥያቄ ይዘን ወደ እስያ እንሂድ። የምንጠቅሰው ዓመተ ምሕረት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ሻንግሃይ በቻይና ምሥራቅ ጠረፍ ያለች ትልቅ የወደብ ከተማ ናት። ታይፔ ደግሞ የታይዋን ደሴት ዋና ከተማ ናት። በሁለቱ መካከል ባሕር አለ። በቀጥታ ሲለካ 690 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከአዲስ አበባ ጎንደር ከሚያደርሰው የመኪና መንገድ ብዙም አይለይም።

አሁን ሒሳቡን አብረን እንሥራ። የመንገደኛ አውሮፕላን በሰዓት 800 ኪሎ ሜትር ያህል ይበራል። መነሻና ማረፊያው ተጨምሮበት ጉዞው አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ቢፈጅ ነው። ታዲያ ይህ አጭር መንገድ ለስንት ዓመት ተዘግቶ የኖረ ይመስላችኋል? ወደ 60 ዓመት!

ነገሩ እንዲህ ነው። በቻይና የርስ በርስ ጦርነት ነበር። በ1949 በማኦ ሴቱንግ የሚመራው የኮሚኒስት ፓርቲ አሸነፈ። የተሸነፈው የቺያንግ ካይሼክ መንግሥት ወደ ታይዋን ሸሸ። ከ1 ሚሊዮን በላይ ሰው አብሮት ባሕር ተሻገረ። ብዙው ወታደር ወላጆቹን፣ ሚስቱንና ልጆቹን ትቶ ነው የሄደው። ከዚያ በኋላ መርከቡም፣ አውሮፕላኑም፣ ፖስታውም ተቋረጠ።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1973 ወደ ሻንግሃይ መብረር ጀመረ። እንግዲህ ከአዲስ አበባ ሻንግሃይ ሲደረስ፣ ከጎረቤቷ ከታይፔ ግን አይቻልም ነበር።

በ1987 መጨረሻ የታይዋን መንግሥት ሰዎች በቻይና ያሉ ዘመዶቻቸውን ሄደው እንዲጠይቁ ፈቀደ። በጉልምስና የወጡት ወታደሮች ሽበት አውጥተው ተመለሱ። አንዳንዱ እናቱን አገኘ፤ አንዳንዱ መቃብሯን። ቀጥታ በረራ ግን ገና አልተፈቀደም። መንገደኛው መጀመሪያ ወደ ሆንግ ኮንግ 800 ኪሎ ሜትር ያህል ይበራል። እዚያ ወርዶ ሌላ አውሮፕላን ይጠብቃል። ከዚያ ወደ ሰሜን ከ1,200 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። 690 የነበረው መንገድ 2,000 ሆነ ማለት ነው። ቀኑ በመንገድ ያልቃል።

በሩ የተከፈተው ቀስ በቀስ ነው። በ2003 ለቻይናውያን አዲስ ዓመት ልዩ በረራ ተፈቀደ፤ በመንገድ ላይ ማረፍ ግን ግዴታ ነበር። በ2005 ማረፉ ቀረ። በ2008 አጋማሽ የሳምንት መጨረሻ በረራ ተጀመረ። በዚያው ዓመት መጨረሻ በረራው የየቀን ሆነ፤ አውሮፕላኖቹም በሆንግ ኮንግ ሰማይ መዞራቸውን ትተው ባሕሩን በቀጥታ አቋረጡ።

አያችሁ፣ ባሕሩ አልጠበበም፤ ከተሞቹም አልተጠጋጉም። መንገዱን ያሳጠረው የሰው ስምምነት ነው። ተራራና ተራራ አይገናኝም፣ ሰውና ሰው ይገናኛል ይባላል። ነገር ግን ዘግይቶ የተከፈተ መንገድ ለሁሉም አልደረሰም።

ካርታ ስታገኙ የሦስቱን ከተሞች ስም አንብባችሁ፣ መንገዱን በጣታችሁ ተከተሉ። ለዛሬ በዚህ ይብቃን።