የልደት ግርግም (ፕሬሴፒዮ)

የልደት ግርግም፣ በጣሊያንኛ ፕሬሴፒዮ፣ ካቶሊካውያን በልደት ሰሞን የኢየሱስን ውልደት በምስሎች የሚያሳዩበት፣ በቁምስና ቤተ ክርስቲያንም በመኖሪያ ቤትም የሚዘጋጅ ትዕይንት ነው። መነሻው ከቅዱስ ፍራንቸስኮስ ዘአሲዚ ጋር ይያያዛል። የሕይወት ታሪኩን የጻፈው ቶማስ ዘቸላኖ እንደሚተርከው፣ እ.ኤ.አ. በ1223 በልደት ሌሊት በጣሊያን ግሬቾ ድርቆሽ የተነጠፈበት ግርግም፣ በሬና አህያ ቀርበው በዚያው ቅዳሴ ተቀድሷል።

ልደትን በሥዕልና በመንፈሳዊ ተውኔት ማሳየት ከዚያ በፊትም ስለነበረ ፍራንቸስኮስ ጀማሪ ሊባል አይገባም የሚል መከራከሪያ አለ። በግሬቾ የተቀረጸ ምስል እንዳልነበረም እርግጥ ነው፤ በሮማ ሳንታ ማሪያ ማጆሬ የሚገኙት የአርኖልፎ ዲ ካምቢዮ የእብነ በረድ ምስሎች የ13ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሥራ ናቸው። የግሬቾ አዲስነት ግን በቅርጹ ሳይሆን ምስጢረ ልደትን ገበሬው ከሚያውቀው በረት ጋር በማገናኘቱ ነው። ትዕይንቱ ከመቅደስ ወደ ቤት ሊገባ የቻለውም በዚህ ምክንያት ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ኦስትሪያን ይገዛ የነበረው የቅድስት ሮማ ንጉሠ ነገሥት ዮሴፍ ዳግማዊ ግርግሙን በአብያተ ክርስቲያናት ሲከለክል ልማዱ አልጠፋም፤ ቤተሰቦች በየቤታቸው አቆዩት። ዛሬ በብዙ ቤቶች የሕፃኑ ቦታ እስከ ልደት ዋዜማ ባዶ ይቆያል፤ ምስሉን የሚያኖረውም ብዙውን ጊዜ ልጅ ነው። በሮማ ሕፃናት ከልደት በፊት ባለው የዝግጅት ወቅት ሦስተኛ እሑድ የየቤታቸውን ምስል ለርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ቡራኬ ያቀርባሉ። በቅዱስ ጴጥሮስ አደባባይም ከእ.ኤ.አ. 1982 ጀምሮ በየዓመቱ ትልቅ ግርግም ይተከላል።