ዕጣው የነገረን

እ.ኤ.አ. በ1844 በለንደኑ ቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል ሣራ ኒውበሪ የተባለች የ39 ዓመት ሴት አረፈች። ሕመሙ የጀመራት ከአራት ዓመት በፊት ነበር፤ ጎንበስ እንዳለች ጀርባዋን ክፉኛ ወጋት። ቆይቶ ባሏ ብድግ አድርጎ ወደ አልጋ ሲወስዳት የጭን አጥንቶቿ ተሰበሩ። ሐኪሞቿ የብርቱካን ልጣጭ ዝፍዝፍና የሩባርብ ክኒን አዘዙላት፤ ለሌሊቱ ስቃይ ደግሞ ኦፒየም ሰጧት። ከዚህ የተሻለ ነገር በእጃቸው አልነበረም። ሕመሟን መዝግቦ ያቆየልን ሐኪም ሳሙኤል ሶሊ፣ አስከሬኗ ሲመረመር መቅኔዋ በቀይ ነገር መተካቱን ጽፏል።

በዓመቱ፣ በኖቬምበር 1 ቀን 1845፣ ከዚያው ከለንደን አንድ የሽንት ብልቃጥ ከደብዳቤ ጋር ወደ ሐኪሙ ሄንሪ ቤንስ ጆንስ ተላከ። የሽንቱ ባለቤት ቶማስ ማክቢን የተባለ የ45 ዓመት ነጋዴ ሲሆን አጥንቱ እየተሰበረ በስቃይ ላይ ነበር። ሽንቱ ሲሞቅ ይጠራል፣ ሲቀዘቅዝ ይደፈርሳል። ቤንስ ጆንስ ነገሩ ፕሮቲን መሆኑን አረጋገጠ፤ ማክቢን ግን በጃንዋሪ 1 ቀን 1846 ሞተ። ያ ፕሮቲን ዛሬም በመርማሪው ስም ይጠራል፣ ዛሬም በላቦራቶሪ ይለካል። ሕመሙ ማልቲፕል ማይሎማ ይባላል። ሰውነት በሽታን የሚከላከልባቸውን ፀረ እንግዳ አካላት የሚያመርቱት ሴሎች መቅኔ ውስጥ ከልክ በላይ ሲበዙ አጥንት ይበላሉ፣ ኩላሊት ይጎዳሉ፣ ደም ያሳንሳሉ።

ሕመሙ ከታወቀ በኋላም መድኃኒት ሳይገኝለት መቶ ዓመት አለፈ። በ1947 ዩሬታን የተባለ ኬሚካል ሕመምተኞችን እንደረዳ ተዘገበና ሐኪሞች ተስፋ አደረጉ። ለሃያ ዓመት ያህል ታዘዘ፤ የወሰዱት ታማሚዎች ያቅለሸልሻቸው ነበር፣ ግን መድኃኒት መራራ መሆኑ የተለመደ ነውና ማንም አልጠረጠረም። በመጨረሻ አሜሪካ ውስጥ 83 ታማሚዎች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። አንዱ ወገን ዩሬታን፣ ሌላው የቼሪና የኮላ ጣዕም ያለው ሽሮፕ ብቻ እንዲወስድ ተደረገ። ውጤቱ በ1966 ሲወጣ መድኃኒቱ ከጣፋጩ ሽሮፕ የተሻለ ሆኖ አልተገኘም። ሁለት አሥርት ዓመታት ሰዎች ሲያቅለሸልሻቸው የኖረው ለከንቱ ነበር።

እዚህ ላይ ዕጣ ለምን እንዳስፈለገ ልብ እንበል። የእኛ ዕቁብተኞች ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል፤ ዳኛው ቢያዳላ፣ ጸሐፊው ቢወዳጅ፣ ዕጣው በሁሉ ፊት እስከወጣ ድረስ ማንም አያጉረመርምም። በሕክምናም እንዲሁ ነው። ሐኪም ጠንከር ያለውን ታማሚ መርጦ አዲሱን መድኃኒት ቢሰጠው፣ ያ ታማሚ ሲሰነብት ያሰነበተው መድኃኒቱ ይሁን የራሱ ጥንካሬ መለየት አይቻልም። ዕጣ የሐኪሙን ምኞት ከመንገድ ያነሳል።

እውነተኛው መድኃኒት የመጣው ከሞስኮ ነው። በ1958 ኒኮላይ ብሎኪንና ባልደረቦቹ ሳርኮላይሲን የተባለውን፣ ዛሬ ሜልፋላን የምንለውን መድኃኒት ለስድስት ታማሚዎች ሰጥተው ሦስቱ እንደተሻላቸው አስታወቁ። በ1969 ደግሞ ሜልፋላን ከፕሬድኒሶን ጋር ሲሰጥ ብቻውን ከሚሰጠው እንደሚበልጥ ታየ። ለዓመታት ከዚህ የሚልቅ ጠፋ። በ1996 ግን ፈረንሳዮች 200 ታማሚዎችን በዕጣ ከፍለው አንድ ነገር አረጋገጡ፦ ሜልፋላንን በከፍተኛ መጠን ሰጥቶ የታማሚውን የራሱን የደም ግንድ ሴል መመለስ ከተለመደው ሕክምና ይልቅ ዕድሜ ይጨምራል።

ከዚህ ታሪክ ሁሉ ግን እንደ ታሊዶማይድ የሚያስገርም የለም። በ1957 በጀርመን ገበያ ላይ የዋለው ይህ የእንቅልፍ መድኃኒት፣ ነፍሰ ጡሮች ለማቅለሽለሽ ሲወስዱት ከ10,000 በላይ ሕፃናት እጅና እግራቸው ሳይሟላ እንዲወለዱ ምክንያት ሆነ። በ1961 መጨረሻ ከገበያ ተነሳ። አሜሪካን ከከፋው የጠበቀቻት ፍራንሲስ ኬልሲ የተባለች የመድኃኒት ቁጥጥር ባለሥልጣኑ ሐኪም ነበረች፤ ማስረጃው አልበቃኝም ብላ ፈቃድ ከለከለች። በ1962 የሀገሪቱ ሕግ ተለወጠ፤ ከዚያ ወዲህ መድኃኒት አምራች ምርቱ ጉዳት እንደሌለው ብቻ ሳይሆን እንደሚያድንም በተገቢ ሙከራ ማሳየት ግዴታው ሆነ።

መድኃኒቱ ግን አልሞተም። በ1964 ኢየሩሳሌም ውስጥ ያኮብ ሼስኪን የተባለ ሐኪም ለሥጋ ደዌ ታማሚዎቹ እንቅልፍ ፍለጋ ሰጥቷቸው ቁስላቸውና ሕመማቸው ሲቀል አየ። በ1990ዎቹ ደግሞ አዲስ የደም ሥር እንዳይበቅል እንደሚያግድ ታወቀ። አንዲት አሜሪካዊት በማይሎማ የሚሠቃይ ወጣት ባሏን ለማትረፍ ለየተመራማሪው ስልክ እየደወለች ይህን ሰማች፤ በአርካንሳስ የሚገኙትን ሐኪሞችም እንዲሞክሩት ለመነች። ባሏን አላዳነውም። ሌላ ታማሚን ግን ረዳ፤ ከዚያም 84 ሰዎች ላይ ተሞክሮ ከሦስቱ አንዱ ያህል ምላሽ እንዳሳዩ በ1999 ታተመ። በ2006 ለማይሎማ ሲፈቀድ፣ ሕጉን ያስወለደው ጥፋተኛ በዚያው ሕግ በር ገብቶ መድኃኒት ሆነ። የሴትዮዋ ልመና ሙከራውን አስጀመረ እንጂ መልሱን አልወሰነም።

የዚህ ታሪክ ወራሾች ነንና ከውርሳችን ሁሉ በቶሎ የሚረሳውን አንድ ትምህርት ላንሳ፤ ምልክቱ ተሻለ ማለት ሰውየው ሰነበተ ማለት አይደለም። ዴክሳሜታሶን የተባለው ስቴሮይድ ለዓመታት በብዛት ይሰጥ ነበር፤ በብዛት ሲሰጥ ዕጢው በርከት ባሉ ታማሚዎች ላይ ይቀንሳልና። 445 ታማሚዎች በዕጣ ተከፍለው ግማሾቹ በወር 12 ቀን፣ ግማሾቹ በሳምንት አንድ ቀን ሲወስዱት፣ በብዛት የወሰዱት ዘንድ ምልክቱ ይበልጥ ቀነሰ። በአንድ ዓመት መጨረሻ ግን በሕይወት የነበሩት ከእነሱ 87 በመቶ፣ ጥቂት ከወሰዱት 96 በመቶ ነበሩ። በ2019 ደግሞ ቬኔቶክላክስ የተባለው መድኃኒት በተሞከረበት ጥናት ሕመሙ ይበልጥ ወደኋላ ቢልም በመድኃኒቱ ወገን ይበልጥ ብዙ ሰው ሞተ፤ የአሜሪካው ተቆጣጣሪም ለማይሎማ የሚደረጉ የዚሁ መድኃኒት ሙከራዎች አዲስ ታማሚ እንዳይቀበሉ አገደ። ዩሬታን ከተጋለጠ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላም ያው ፈተና ተደገመ።

ዛሬ የምንኖርበት ምዕራፍ የተትረፈረፈ ነው። ከታማሚው ደም ቲ ሴል የተባለው በሽታ ተከላካይ ሴል ተወስዶ፣ ላቦራቶሪ ውስጥ ዕጢውን እንዲያውቅ ተደርጎ ይመለስለታል፤ ለማይሎማ የመጀመሪያው እንዲህ ያለ ሕክምና በ2021፣ ሁለተኛው በ2022 በአሜሪካ ተፈቀደ። ሰው ዕድሜው ሲረዝም ሙከራውም ይረዝማል፤ ማን ከማን በላይ ሰነበተ ለማለት ዓመታት መጠበቅ ያስፈልጋል። ስለዚህ በኤፕሪል 2024 የአሜሪካው ተቆጣጣሪ አማካሪ ጉባኤ 12 ለ0 በሆነ ድምፅ አንድ መንገድ ደገፈ፤ በመቅኔ ውስጥ የተረፈው እጅግ ጥቂት የካንሰር ሴል እየተለካ ለመድኃኒቶች ፈጣን ፈቃድ ይሰጥ ዘንድ። ታማሚ ጊዜ የለውምና ውሳኔው ምክንያት አለው። ሆኖም የሚለካው አሁንም ምልክት ነው። የቬኔቶክላክስ ታማሚዎችም በዚሁ መለኪያ የተሻሉ ነበሩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ ፈጣኑ ፈቃድ ዘግይቶ የሚመጣውን የዕድሜ ቆጠራ ከተካ ያለፈው ሁሉ ይመለሳል።

ሌላም ያልተዘጋ ጉዳይ አለ። አሜሪካ ውስጥ ጥቁሮች ከነጮች በእጥፍ ያህል በማይሎማ ይያዛሉ፤ ከታማሚዎቹም አንድ አምስተኛ ያህሉ እነሱ ናቸው። አዳዲስ መድኃኒቶች ፈቃድ ባገኙባቸው ሙከራዎች ውስጥ ግን ድርሻቸው በጥቅሉ ከመቶ አምስት እንኳ አልሞላም። አንዱ ምክንያት ትዝታ ነው። ከ1932 እስከ 1972 ታስኪጊ በተባለ ስፍራ ቂጥኝ የያዛቸው 400 የሚጠጉ ጥቁር ወንዶች፣ ፔኒሲሊን የቂጥኝ መድኃኒት ሆኖ ከተገኘ በኋላ እንኳ ሕክምና ተነፍገው የበሽታውን አካሄድ ለማጥናት ብቻ ክትትል ተደረገባቸው። ያ ክህደት ዛሬም ሰውን ያርቃል። ሙከራ ግን የሚመልሰው ስለገቡበት ሰዎች ነው፤ ያልገባበት ሕዝብ መድኃኒቱን የሚወስደው በሌላ ሰው መልስ ነው።

ይህ በዋሽንግተንና በአካባቢዋ፣ በሚኒያፖሊስም ሆነ በሌላ ከተማ የሚኖረውን ወገናችንን ይመለከታል፤ በሐኪሙ መዝገብ ላይ የሚጻፈው ጥቁር ተብሎ ነውና። ከእናንተ ወይም ከእናት አባታችሁ አንዱ ወደ ሕክምና ሙከራ የሚያስገባ የስምምነት ወረቀት ቢቀርብለት፣ አስተርጓሚ ጠይቁና ቁጭ ብላችሁ ጠይቁ፦ አዲሱ መድኃኒት የሚነጻጸረው ከምን ጋር ነው? የሚቆጠረው ምልክት ነው ወይስ ዕድሜ? በፈለግሁ ጊዜ ወጥቼ የተለመደ ሕክምናዬን እቀጥላለሁ? ወጪውን ማን ይሸፍናል? መልሱን ሳትሰሙ አትፈርሙ፤ መልሱ ካጠገባችሁ ደግሞ በፍርሃት ብቻ አትቅሩ።