የጎንደር ጎተራ

ከዳባት ወደ ደባርቅ ስንጓዝ ግራና ቀኝ የተዘረጋው የወገራ ሜዳ፥ ጥንት የጎንደር ከተማ ቀለብ ይወጣበት የነበረ ምድር ነው። ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጄምስ ብሩስ በ1762 ዓ.ም. ሊማሊሞን ወጥቶ በዚህ ሲያልፍ፥ የስንዴውን ብዛት አይቶ አገሩን በጎንደር ጎተራነት መስሎታል። በ1847 ዓ.ም. ካሣ ኃይሉ ደጃዝማች ውቤን በደረስጌ ድል አድርገው፥ ውቤ ባሠሩት በደረስጌ ማርያም ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። የድሉ ታሪክ ተጻፈ፤ ሠራዊቱን የመገበው ገበሬ ስም ግን አልተጻፈም።

ዛሬም ከስሜን ተራሮች የሚወርደው ጎርፍ አፈሩን በተከዜና በአትባራ በኩል ወደ ዓባይ ይወስደዋል። የታችኞቹ አገሮች የወንዝ ዳር እርሻ ከዘመናት ጀምሮ የለማው በከፊል በዚሁ አፈር ነው። እንግዲህ የነገሥታቱን ዘመን የምናስተምር ሁሉ የአፈሩንም ታሪክ አብረን እናስተምር፤ ጎተራው አፈሩ ካለቀ በኋላ አይሞላምና።