ሕዋስ ያተመ ፕሪንተር
ሂውሌት ፓካርድ ዴስክጄት 550ሲ፣ አሜሪካ፣ 1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.)

ለቢሮ ደብዳቤ የተሠራ ፕሪንተር ነው። በክሌምሰን ዩኒቨርሲቲ ቶማስ ቦላንድና ባልደረቦቹ የዚህን ሞዴል የቀለም ካርትሬጅ አጥበው ሕያው ሕዋሳት የያዘ ፈሳሽ ሞሉበት፤ በወረቀት ፋንታ ለስላሳ የኮላጅን ጄል አኖሩ። ድፍረት ይጠይቅ ነበር፤ የማተሚያው ራስ ጠብታ የሚረጨው ፈሳሹን አፍልቶ ነውና! ለካ ሙቀቱ የሚቆየው ለጥቂት ማይክሮሰከንዶች ብቻ ስለሆነ ሕዋሳቱን እምብዛም አይጎዳቸውም። በ2005 (እ.ኤ.አ.) በወጣው ጥናታቸው፣ ከታተሙት የሀምስተር ሕዋሳት የፈረሱት ከ8 በመቶ በታች ነበሩ፤ እጅግ የሚያስደንቀውም ይህ ነው። ወፍራም ሕብረ ሕዋስ ማተም ግን ዛሬም ያስቸግራል፤ ከደም ሥር ከ0.2 ሚሊሜትር ገደማ በላይ የራቀ ሕዋስ ኦክስጅን ያጥረዋል።