ሕመምና ሐኪሙ፦ ከነቀምቴ እስከ ጊዳ አያና

በአማርኛ «ሕመም» የሚለው ቃል ሁለት ነገር ይሸከማል። በሽታውም ሕመም ነው፤ በሽታው የሚያስከትለው ሥቃይም ሕመም ነው። በኦሮምኛም ቢሆን ዹኩባና ዹኩቢ ከአንድ ሥር የወጡ ቃላት ናቸው። ስለሆነም ከጊዳ አያና ወረዳ የመጣ ገበሬ «ወገቤን ያመኛል» ባለ ጊዜ ሐኪሙ በሽታውን ፍለጋ ሲሄድ ሥቃዩን እዚያው ትቶት የሚሄድበት አጋጣሚ ጥቂት አይደለም። ቋንቋው ግን ስለ ሥቃይ ዓይነት ድሃ አልነበረም። ውጋት፣ ቁርጥማት፣ ጥዝጠዛ፣ ምታት፣ ማቃጠል፣ መደንዘዝ እያለ ሕዝቡ ለይቶ ይናገራል። የሚያቃጥልና የሚደነዝዝ ሕመም የነርቭ ጉዳትን እንደሚጠቁም፣ ቁርጥማት ደግሞ ወደ መገጣጠሚያ እንደሚመራ ለሐኪም መንገር አያስፈልግም። በካርዱ ላይ የሚሰፍረው ግን ብዙ ጊዜ «የወገብ ሕመም» ብቻ ነው።

በወለጋ የመጀመሪያው የሕመም ሐኪም ወጌሻ ነበር። ስብራት ያስራል፣ ውልቃት ይመልሳል፣ በቅቤ ያሻል። ከእርሱ ጎን ዋግምት የሚያደርጉና በጋለ ብረት የሚተኩሱ ነበሩ። ወጌሻ የሚለው የአማርኛ ቃል ከኦሮምኛው ኦጌሳ ጋር የተዛመደ ይመስላል፤ ትርጉሙም ባለሙያ ማለት ነው። ዛሬ በኦሮምኛ የጤና ባለሙያ «ኦጌሳ ፈያ» መባሉ የቃሉን ዕድሜ ያሳያል። ወጌሻው ያልተማረ ቢሆንም ሕመምተኛውን በእጁ ይዳስሰው፣ የሚያመውን ስፍራ ይፈልግ ነበር። ይህ ልማድ በኋላ በመጣው ሕክምና ውስጥ ሁልጊዜ አልተጠበቀም።

ዘመናዊው ሕክምና ወደ ነቀምቴ የገባው በስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን በኩል ሲሆን፣ ሥራው እ.ኤ.አ. ከ1920ዎቹ ጀምሮ እየሰፋ ሄደ። ወደ ምዕራብ ደግሞ የአይራና የጊምቢ ሆስፒታሎች፣ አንደኛው በጀርመን ሉተራውያን፣ ሁለተኛው በአድቬንቲስቶች ተቋቋሙ። እነዚህ ቤቶች የተጠሩት ለወባ፣ ለቁስል፣ ለወሊድና ለቀዶ ሕክምና ነበር። ሥቃይ ማስታገስ የቀዶ ሕክምና ክፍል ጉዳይ እንጂ ራሱን የቻለ ሥራ ተደርጎ አልታየም። በዚህ ረገድ ነቀምቴ ከተቀረው ዓለም የተለየች አልነበረችም። ሞርፊን በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ከኦፒየም ተለይቶ ቢወጣም፣ የማይለቅ ሕመም የራሱ ሐኪም ያስፈልገዋል የሚለው አሳብ የጎለመሰው ጆን ቦኒካ የተባለው የማደንዘዣ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1953 ስለ ሕመም አያያዝ የጻፈው ትልቅ መጽሐፍ ከወጣ በኋላ ነው። ዓለም አቀፉ የሕመም ጥናት ማኅበር የተመሠረተውም በ1973 ነው።

ለገጠሩ ሕመምተኛ ግን የሕክምናው ምልክት መርፌ ሆነ። ክኒን ተሰጥቶት የተመለሰ ሰው አልታከምሁም ብሎ ሲያዝን፣ ተወግቶ የተመለሰው ደግሞ በማግሥቱ ሥቃዩ ቢመለስም ይመሰግናል። ዳይክሎፌናክ በየክሊኒኩ የወገብና የጉልበት መድኃኒት የሆነው በዚህ መንገድ ነው። ሲደጋገም ጨጓራን ማድማቱና ኩላሊትን መጉዳቱ፣ ያለ ቦታው የተወጋ መርፌም ለዕድሜ ልክ እግር ማሰነፉ የታወቀ ነው። ስለዚህ ጥፋት ሕመምተኛውን ብቻ መውቀስ ትክክል አይደለም፤ ልማዱን ያስተማረው ባለሙያው ነውና።

ጠንካራዎቹ መድኃኒቶች ሌላ ታሪክ አላቸው። እ.ኤ.አ. የ1961ዱ የናርኮቲክ መድኃኒቶች ስምምነት በመግቢያው እነዚህ መድኃኒቶች ሥቃይን ለማስታገስ የግድ አስፈላጊ መሆናቸውን ይቀበላል። መንግሥታት ከስምምነቱ ይበልጥ አጥብቀው የያዙት ግን የቁጥጥሩን ክፍል ነው። በአገራችን የመድኃኒት አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 176/1991፣ ኋላም እርሱን የተኩት የ2002 እና የ2011 ዓ.ም. አዋጆች ሥርዓቱን አጠናክረዋል። ልዩው የማዘዣ ወረቀት፣ ቁልፍ ያለው ሳጥንና የመዝገቡ ምርመራ አስፈላጊ ናቸው። ነገር ግን ብዙ ሐኪም ከሱሰኝነት ይልቅ የሚፈራው ያንን መዝገብ ነው፤ በዚህም ምክንያት በካንሰር የሚሞት ሰው በፓራሲታሞልና በትራማዶል ሲሸኝ ይታያል።

የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ሕመም ማስታገሻ መሰላሉን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። በምሥራቅ አፍሪካ ይህን አሳብ ወደ ገጠር ያወረደችው ኡጋንዳ ነች። በ1993 በዶክተር አን ሜሪማን የተመሠረተው ሆስፒስ አፍሪካ ኡጋንዳ ከሞርፊን ዱቄት የሚበጠብጠው የሚጠጣ መድኃኒት ዋጋው አነስተኛ ሲሆን፣ ከ2004 ጀምሮ ሥልጠናውን የወሰዱ ነርሶችና ክሊኒካል ኦፊሰሮች እንዲያዙት ሕግ ፈቀደ። በኢትዮጵያም ሲስተር ጽጌረዳ ይስፋወሰን በ1995 ዓ.ም. ገደማ ሆስፒስ ኢትዮጵያን በአዲስ አበባ መሠረቱ። ይህን ሥራ የጀመረችው ነርስ መሆኗ በአጋጣሚ አይመስልም፤ ሌሊቱን ከሕመምተኛው ጋር የሚያድረው ማን እንደሆነ በዎርድ የሠራ ሁሉ ያውቃል። የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር የማስታመም እንክብካቤ መመሪያ የወጣው ከዚያ ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ በ2008 ዓ.ም. ነው።

ይህ ሁሉ ሲባል የገበሬው ወገብ ከካንሰሩ ሕመም ጋር መምታታት የለበትም። እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ የዓለም ጤና ድርጅት ሥር ስለሰደደ የወገብ ሕመም ባወጣው መመሪያ ኦፒዮይዶች እንዳይሰጡ ሲመክር፣ ትምህርትን፣ የአካል እንቅስቃሴንና የሥነ ልቦና ድጋፍን አስቀድሟል። በአሜሪካ ሞርፊን መሰል ክኒኖች ለየወገብ ሕመሙ ታዝዘው ያስከተሉት ዕልቂት ለዚህ ጥንቃቄ ምክንያት ሆኗል። ለሚያቃጥለው የነርቭ ሕመም አሚትሪፕቲሊን አለ፤ ርካሽም ነው። በወለጋ ቀይ አፈር በባዶ እግሩ ሲሄድ ኖሮ ፖዶኮኒዮሲስ ለያዘው ሰው ደግሞ በየጊዜው የሚነሣበትን ትኩሳትና ሥቃይ የሚቀንሰው እግርን በሳሙና ማጠብ፣ ቅባት መቀባትና ጫማ ማድረግ ነው። ከእነዚህ አንዱም የአዲስ አበባ ስፔሻሊስት አይጠይቅም።

የሚጠይቀው የካንሰሩ ሕመምተኛ ነው። ከጊዳ አያና እስከ ነቀምቴ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከነቀምቴ እስከ አዲስ አበባ ከ320 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። አጥንት ውስጥ የገባን ካንሰር ሥቃይ የሚያስታግሰው የጨረር ሕክምና ለረጅም ዓመታት በአገሪቱ የነበረው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በምሥራቅ ወለጋ በተደጋጋሚ በተፈጠረው የጸጥታ መደፍረስ ወደ ነቀምቴ የሚወስደው መንገድም የማይታለፍባቸው ጊዜያት ነበሩ። ሞርፊን የታዘዘለት ሰው ማዘዣው ሲያልቅ ያንኑ መንገድ እንደገና መሄድ አለበት፤ መቀመጥ ካልቻለ ልጁ ይሄድለታል፤ ልጁም ካልቻለ መድኃኒቱ ይቋረጣል። በአቅራቢያው ባለው ጤና ጣቢያ ግን ሕመምተኛውን በስሙ የሚያውቅ፣ የቁስሉን ፋሻ የሚለውጥለት ነርስ አለ። ሥልጠናውን ወስዶ በኡጋንዳ የሚሠራ ቢሆን ኖሮ ማዘዣውን የሚጽፈው ይኸው ነርስ በሆነ ነበር።