የፕራግ ጭቃና የወገራ ጭቃ

በቀደም ክፍል ውስጥ አንዱ ልጅ ተናዶ ጓደኛውን «የቡዳ ልጅ!» ሲለው ሰማሁ። የተሰደበው ልጅ እናቱ እንስራና ምጣድ ሸጣ ነው የምታስተምረው። የዕለቱን ትምህርት ትቼ ስለ ጭቃ አወራኋቸው።

በፕራግ ከተማ ራቢ ይሁዳ ሎው የሚባሉ ሊቅ ነበሩ፤ ያረፉት እ.ኤ.አ. በ1609 ነው። አፈ ታሪኩ እንደሚለው፣ አይሁዶች «የክርስቲያን ልጅ ገድለው ደሙን ለፋሲካ ቂጣ ያደርጉታል» ተብለው ሲወነጀሉ፣ ራቢው ከወንዝ ዳር ጭቃ ወስደው ሰው አበጁ። ግንባሩ ላይ «ኤሜት» ብለው ጻፉ፤ እውነት ማለት ነው። ጭቃው ተነሣ። ጎሌም ይሉታል። አይናገርም፣ ግን ሕዝቡን ይጠብቃል። ሊያስቆሙት ሲፈልጉ የመጀመሪያዋን ፊደል ይፍቃሉ፤ «ሜት» ይቀራል፣ ሞተ ማለት ነው። (የግእዙን «ሞተ» የምታውቁ ዝምድናው አይጠፋችሁም።) ታሪኩ በራቢው ስም ታትሞ የወጣው ግን ከሞቱ ከ200 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ስለዚህ የሆነ ነገር አድርጋችሁ አትያዙት፤ ሕዝቡ ምን ያህል ይፈራ እንደነበር ግን ያሳያል።

ይሄኔ ከኋላ አንዷ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ የእኛዎቹስ ይሄን ሁሉ ጭቃ ይዘው ለምን አልሠሩም?»

ትንሽ መልስ አጣሁ። ቤተ እስራኤሎች መጽሐፋቸው የግእዝ ኦሪት ነው፤ የጎሌም ወሬ መነሻ የሆነውን ታልሙድ አያውቁትም ነበር። ይሄ የመጽሐፍ መልስ ነው። ሌላው መልስ ግን እዚሁ ያለ ነው። አጼ ይስሐቅ በ15ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በእኛው ወገራ፣ ኮሶጌ ላይ ድል ካደረጓቸው በኋላ «ያልተጠመቀ የአባቱን ርስት አይውረስ» ብለው አዘዙ ይባላል። ቆይቶም በሱስንዮስ ዘመን የስሜኑ ጌዴዎን ተሸነፈ። ርስት የሌለው ምን ይብላ? ወንዱ ብረት ቀጠቀጠ፣ ግንብ ገነባ፤ ሴቷ ሸክላ ሠራች። እጃቸው ከእሳትና ከጭቃ ስላልተለየ ደግሞ ማታ ጅብ ይሆናሉ፣ ሰው ይበላሉ ተባሉ። የሚገርመው እኮ፣ ይህን የሚል ገበሬ በማግስቱ ማረሻውን ይዞ ደጃቸው ይቆማል። ወጡም የሚሠራው በእነሱ ድስት ነው።

ፕራግ ላይ ጭቃው ከሐሜት አዳናቸው ተባለ። እኛ አገር ሐሜቱ ራሱ የመጣው በጭቃው ነው።

ከዚያ በ1977 በሱዳን በኩል፣ በግንቦት 1983 ደግሞ ከአዲስ አበባ በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14 ሺህ በላይ ሆነው ወደ እስራኤል ሄዱ። ወደ ጎንደር ስትወርዱ ወለቃ ላይ የሸክላ ምስሎች ሲሸጡ ታያላችሁ፤ ሙያው ጎረቤት ዘንድ ቀረ። ስድቡም አብሮ ቀረ፤ ክፍሌ ድረስ መጣ።

ተሳዳቢው ልጅ በዕረፍት ሰዓት ሄዶ ጓደኛውን አናገረው፤ ምን እንደተባባሉ አልጠየቅሁም።

አያቶቻችሁ ቤት የቆየ ጋን ወይም እንስራ ያላችሁ፣ ማን ሠርቶት እንደነበር ጠይቁና ከነፎቶው ላኩልኝ። ለክፍል አሳያቸዋለሁ።