ይሉኝታ እና ኮምፒውተር፦ ማሽኑ ፊት ስለተቀመጠው ሰው

እ.ኤ.አ. በ1966 በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ያስተምር የነበረው ጆሴፍ ዋይዘንባም ስለ አንድ አነስተኛ የኮምፒውተር ፕሮግራም ጽሑፍ አሳተመ። ፕሮግራሙን በበርናርድ ሾው «ፒግማሊየን» ተውኔት ውስጥ ባለችው አበባ ሻጭ ስም «ኤላይዛ» ብሎታል። የኤላይዛ በጣም የታወቀው ሚና የሥነ ልቦና ሐኪም መምሰል ነበር። ሰው ይጽፋል፤ ፕሮግራሙ ከዓረፍተ ነገሩ ውስጥ የሚያውቀውን ቃል ይፈልጋል፣ «የእኔ» የሚለውን «የአንተ» ያደርገዋል፣ ከዚያም ጥያቄ አስመስሎ ይመልሰዋል። ሰውየው እናቱን ካነሳ ስለ ቤተሰቡ ጨምሮ እንዲነግራት ትጠይቀዋለች። እናት ምን እንደሆነች ግን አታውቅም። የምታውቀው ቃል ካላገኘች ደግሞ «እስቲ ቀጥል» ዓይነት መልስ ሰጥታ ታልፋለች።

ዋይዘንባምን ያስደነገጠው የገዛ ጸሐፊው ነበረች። ፕሮግራሙን ሲሠራ ለወራት ያየችው፣ ተራ የኮምፒውተር ፕሮግራም መሆኑንም በሚገባ የምታውቅ ሴት ናት። አንድ ቀን ከኤላይዛ ጋር ጥቂት እንደተጻጻፈች ወደ እርሱ ዞር ብላ ከክፍሉ እንዲወጣላት ጠየቀችው። ለብቻዋ ልታወራ ፈልጋ ነው። አንዳንድ የአእምሮ ሐኪሞችም ፕሮግራሙ አድጎ ወደፊት ሕሙማንን ሊያክም ይችላል ብለው ተስፋ አደረጉ። ዋይዘንባም በዚህ ሁሉ ተረብሾ በ1976 የኮምፒውተርን ኃይልና የሰውን የማመዛዘን ችሎታ የሚያነጻጽር መጽሐፍ ጻፈ፤ ከዚያ በኋላም ዕድሜውን ሙሉ የራሱን ሙያ ሲተች ኖረ።

ጸሐፊዋን የሳተች አድርጎ ማየት ቀላል ነው፤ ግን ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ጎርደን ኦልፖርት በ1954 ለማኅበራዊ ሥነ ልቦና በሰጠው ትርጓሜ፣ ይህ ጥናት የሚመረምረው የሰው ሐሳብ፣ ስሜትና ጠባይ በሌሎች ሰዎች መኖር እንዴት እንደሚለወጥ ነው። ሌሎቹ የግድ በአካል መገኘት የለባቸውም፤ በምናብ መኖራቸውም ይበቃል። ይህን ለአማርኛ ተናጋሪ ብዙ ማብራራት አያስፈልግም። ይሉኝታ የሚለው ቃላችን ራሱ «ይሉኛል» ከሚለው የተወለደ ነው፤ እዚያ የሌለን ሰው አፍ መፍራት። ጸሐፊዋ ማሽኑን ሰው አድርጋ ቆጠረችው ከማለት ይልቅ፣ የሚመልስላት ነገር ስታገኝ ሰው ፊት የሚሰማት ስሜት መጣባት ማለት ይቀርባል። ይህን የማሽኑን ፍጥነትና የማስታወስ አቅም በመለካት ማወቅ አይቻልም ነበር።

በተመሳሳይ ዘመን በለንደን የተካሄደው ጥናት ብዙም አይነገርለትም። የብሪታንያ መንግሥት በዋና ከተማዋ የተከማቹ መሥሪያ ቤቶቹን ወደ ሌሎች ከተሞች ለማዛወር ያስብ ነበር። ታዲያ ፊት ለፊት የሚደረገው ስብሰባ በስልክ ቢተካ ምን ይጎድላል? ጆን ሾርት፣ ኤደሪን ዊሊያምስ እና ብሩስ ክሪስቲ በ1976 ባወጡት «የቴሌኮሙኒኬሽን ማኅበራዊ ሥነ ልቦና» የተባለ መጽሐፍ መልሱን አጠናቀሩ። መረጃ ለመለዋወጥና አንድን ችግር አብሮ ለመፍታት ስልክ ከአካል ስብሰባ እምብዛም አያንስም። ልዩነቱ ጎልቶ የሚወጣው ሰዎች ሲደራደሩ፣ ሲጋጩ ወይም አዲስ ሰው ሲተዋወቁ ነው።

ከእነርሱ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ሞርሊ እና ስቲቨንሰን የተባሉ ሁለት ብሪታንያውያን ያገኙት ውጤት የበለጠ ያስገርማል። በድርድር ሙከራቸው ጠንካራ ማስረጃ የተሰጠው ወገን በአካል ከተገናኘ ይልቅ በስልክ ሲሆን ይበልጥ ይቀናው ነበር። ዓይን ለዓይን ሲተያዩ የሰው ፊት ይከብዳል፤ ደካማ ክርክር ያለውም ሰው በፊቱ ይማጸናል። ፊቱ ሲጋረድ የሚቀረው ክርክሩ ብቻ ነው። ሽማግሌ ይዞ ዕርቅ የተቀመጠ ሁሉ ይህን ያውቀዋል። ሽማግሌዎቻችን ባላንጣዎቹን ፊት ለፊት ማገናኘት የሚወዱትም የማስረጃ ክብደት ብቻውን እንዲፈርድ ስለማይፈልጉ ይመስላል።

ኮምፒውተር ለኮምፒውተር መጻጻፍ ሲጀመር ስልክ የተወው ድምፅም ጠፋ። በ1982 በፒትስበርግ በሚገኘው ካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር መልእክት መለዋወጫ ላይ አንድ ሰው አሳንሰሩ በሜርኩሪ ተበክሏል ብሎ ቀለደ፤ አንዳንዶች እውነት መሰላቸው። መስከረም ወር ላይ (እንደ ፈረንጆቹ በ19ኛው ቀን) ስኮት ፋልማን የተባለ የኮምፒውተር ሳይንቲስት መፍትሔ አቀረበ፦ ቀልድ የሚጽፍ ሰው ሁለት ነጥብ፣ ሰረዝና መዝጊያ ቅንፍ ይጨምርበት። ዛሬ በየስልኩ የሚታየው የፈገግታ ምልክት አንዱ አያት ይህ ነው። ጥርስ የማይታይበት ቦታ ላይ ጥርስ መሳል አስፈለገ።

በዚያው ዩኒቨርሲቲ ሣራ ካይስለር እና ሁለት ባልደረቦቿ በ1984 ያሳተሙት ጥናት ዘርፉን ከፈተው። ሦስት ሦስት ተማሪዎች በአንድ አስቸጋሪ ምርጫ ላይ እንዲስማሙ ተደረገ፤ ገሚሱ በአካል፣ ገሚሱ በኮምፒውተር። በኮምፒውተር የተወያዩት ለመስማማት ረዘም ያለ ጊዜ ወሰደባቸው። ተሳትፏቸው ግን ይበልጥ እኩል ሆነ፤ በአካል ሲሆን አንዱ ብቻውን የሚገዛውን መድረክ ሦስቱም ተካፈሉት። ስድብና ብልግናም በረከተ። የመጨረሻ ውሳኔያቸውም ከመነሻ ሐሳባቸው ርቆ ሄደ። እኩልነትና ስድብ ከአንድ ምንጭ መቅዳታቸውን ልብ ይሏል፤ ዝምተኛውን ያናገረው የፊት መጥፋት ባለጌውንም ፈታው።

አማርኛ እዚህ ላይ የራሱ ጣጣ አለበት። እንግሊዝኛ የሚጽፍ ሰው የማያውቀውን ሰው ዕድሜና ፆታ ሳያውቅ ሊያናግር ይችላል። በአማርኛ የሚጽፍ ግን አንተ፣ አንቺ ወይም እርስዎ ከማለት አያመልጥም፤ ግሡም ያስገድደዋል። ሳያውቅ «አንተ» ያለው ሰው አዛውንት ሆነው ቢገኙ ክርክሩ ስለ ጉዳዩ መሆኑ ያበቃና ስለ አስተዳደግ ይሆናል።

ለረጅም ጊዜ የተሰጠው ማብራሪያ ስሙ የተደበቀ ሰው ልጓም የለውም የሚል ነበር፤ ጉስታቭ ለ ቦን በ1895 ስለ መንጋ ከጻፈው የወረደ ሐሳብ ነው። ይህን የተፈታተኑት ራስል ስፒርስ እና ማርቲን ሊ ናቸው። ከአንድ ባልደረባቸው ጋር በ1990 ባሳተሙት ሙከራ ተማሪዎችን በኮምፒውተር አወያዩ፤ ከፊሎቹ አንድ ክፍል ውስጥ እየተያዩ፣ ከፊሎቹ ተለያይተው። ለአንዳንዶቹ የቡድን አባልነታቸው ተነገራቸው፤ ለሌሎቹ በግል እንደሚቆጠሩ። ወደ ቡድኑ አቋም በጣም የተሳቡት ተለያይተው የተቀመጡትና ቡድናቸው የተነሳላቸው ነበሩ። ተለያይተው በግል የተቆጠሩት ግን ይህን አላደረጉም። ስለዚህ ፊት ሲጠፋ ሰው ሁልጊዜ ልጓም አያጣም፤ ብዙ ጊዜ ልጓሙን ለቡድኑ ያስረክባል። ከእነርሱ በፊት ሄንሪ ታጅፌል በብሪስቶል የትምህርት ቤት ልጆች ላይ ባደረገው ሙከራ፣ በተራ ሰበብ የተከፈለ ቡድን እንኳ ልጆቹን ለወገናቸው እንዲያደሉ ማድረጉን አሳይቶ ነበር። ታጅፌል ፖላንድ የተወለደ አይሁዳዊ ነው፤ ከናዚ የጦር ምርኮ ሲመለስ ቤተሰቡ አልቆ ጠበቀው።

ዋሽንግተን ወይም ሪያድ ውስጥ ማታ ከሥራ ገብቶ ብቻውን ክፍሉ ውስጥ ስልኩን የሚከፍት ኢትዮጵያዊ ለዚያ ሙከራ እንግዳ አይደለም። ከሌሎቹ ተለይቷል፤ ፊታቸውን አያይም፤ የሚያየው የወገኑን ስም ነው። የጥቂት ተማሪዎች ሙከራ የአገርን ጠብ ሙሉ በሙሉ አያስረዳም፤ ጠቡ የራሱ ታሪክና የራሱ ደም አለው። ነገር ግን ገበያ ላይ ቢገናኙ ሰላምታ የሚለዋወጡ ሰዎች ስክሪን ላይ ለምን እንደሚከፉ ሲጠየቅ፣ «ስማቸው ስለተደበቀ ነው» የሚለው መልስ እንደማይበቃ ያመለክታል። በስማቸውና በፎቷቸው የሚሳደቡ ሞልተዋል።

ከዚያ ወዲህ እውቀቱ ከተመራማሪዎች እጅ ወደ ኩባንያዎች ተሻገረ። በጃንዋሪ 2012 ለአንድ ሳምንት ፌስቡክ የ689,003 ተጠቃሚዎችን ገጽ ለሙከራ ተጠቀመበት፤ ለአንዳንዶቹ ደስ የሚሉ ጽሑፎች፣ ለሌሎቹ የሚያሳዝኑ ጽሑፎች ተቀነሱባቸው። ደስታ የተቀነሰባቸው ራሳቸውም በጥቂቱ ደስታ የራቀው ነገር ጻፉ። ለውጡ እጅግ ትንሽ ነበር። ውጤቱ በ2014 ሲታተም ቁጣ ተነሳ። የዋይዘንባም ጸሐፊ ሌላ ሰው ክፍሉ ውስጥ መኖሩን ታውቅ ስለነበር ውጣልኝ ማለት ቻለች፤ እነዚህ ግን ማን አጠገባቸው እንደቆመ አላወቁም። አጥኚዎቹ ፈቃድ ብለው የጠቀሱት አካውንት ሲከፈት የሚታለፈውን የአጠቃቀም ደንብ ነበር። ጥናቱን ያተመው መጽሔት ጽሑፉን አልሰረዘም፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የአዘጋጆቹን ስጋት የሚገልጽ አጭር ማስታወሻ ብቻ አያይዞበታል።